በመንግሥት ሰዓት የታለበ ወተት

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር ጣቷን ቀስራ ነው የነገረችኝ። "ስድስት ወር ጡት ብቻ! ውኃ እንኳን ጠብ እንዳታደርጊ!" እሺ አልኩ። ሲስተር እሺ እስክትባል አትለቅም።

ያኔ የምተዳደርበት የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ በ2010 የወጣው ቁጥር 1064፣ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይል ነበር። ከስድስት ወር ላይ 90 ቀን ሲቀነስ የተረፈውን ማን እንደሚያጠባው ሲስተርም አዋጁም አልነገሩኝም። ያጠራቀምኳትን የዓመት ፈቃድ ጨምሬ፣ አለቃዬን ለምኜ፣ እንደምንም አራት ወር ሞላሁ። ሁለት ወር ጎደለኝ። ደመወዝ ሲጎድል ከጓደኛ እበደራለሁ። ጡት ከማን ይበደሩታል?

ባለቤቴ በዚያው አዋጅ 10 የሥራ ቀን ተሰጥቶታል። አራሱ እሱ እስኪመስል ድረስ ገንፎውን ሲያጣጥም ከርሞ፣ ጉንጩ ሞልቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ግል ድርጅት የሚሠራው ወንድሜ ያገኘው 3 ቀን ብቻ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ እንደዚያ ነው የሚለው። እሱ ምስኪን የቅቤው ሽታ ከልብሱ ሳይለቅ ቢሮ ገባ።

አራስ ቤት ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ። ጡቴ የኔ መሆኑ ቀርቷል። ጠያቂ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ገና ሳይቀመጥ "ወተት አለሽ?" ይላል። የልጁን ስም አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። እማዬ አጥሚት በላይ በላዩ ታቀርባለች። አማቴ አብሽ ይዘው መጡ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ "አብሽ ልጁን ሆዱን ይነፋዋል፣ ተልባ ነው ደጉ" ብላ ሻረችው። አክስቴ ደግሞ "ሸፈን አድርጊው እንጂ፣ የሰው ዓይን አለ" ትለኛለች። ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ያልነቀለችው እሷው ናት!

ሥራ ከገባሁ በኋላም ክርክሩ አላቆመም። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ነው፣ ሥራዬ አራት ኪሎ። ሰርቪስ የምይዘው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ቀን አስፈቅጄ በቀትር ቤት ከች አልኩ። ልጁ ድምፄን ሲሰማ አቀለጠው። እማዬ እንደ በረኛ እቅፍ አድርጋ ይዛ "ፀሐይ የመታው ጡት አይሰጥም፣ ቀዝቀዝ በይ" አለችኝ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ አስፈቅጄ የመጣሁባት ደቂቃ ትሄዳለች፣ እንደ አሮጌ ላዳ ቁጭ ብዬ እቀዘቅዛለሁ። ሲስተር እንዲህ ያለ ነገር አልነገረችኝም። ግን እናቴን አምስት ልጅ ካሳደገች በኋላ ማን ያስተምራታል?

ወደ መሥሪያ ቤታችን ልምጣ።

አዋጁ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። እኛም አቋቁመናል። ሪባን ተቆርጧል፣ ዳቦ ተቆርሷል፣ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተስሏል። ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ ግን በሩ ዝግ ነው። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ቀጭኔው እግር ሥር ጨረታ የሚጠብቁ ፕሪንተሮችና እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተኮልኩለዋል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ኃላፊው ጋ ነው።

"ጋሼ፣ ይከፈትልን እንጂ።"

"ሕፃን ሲመጣ ይከፈታላ!"

"ሳይከፈት ሕፃን የት ይቀመጣል?"

"ሕፃን ሳይመጣ ለማን ልክፈተው?"

እውነቱን ለመናገር፣ ቢከፈትስ የአራት ወር ልጅ በዚያ ጠዋት፣ በዚያ ሰርቪስ ግፊያ እንዴት ነው የሚመጣው? ይሄንን ለኃላፊው አልነገርኩትም። በነጋታው ደብዳቤ ያደርገዋል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ "የሕፃናት ማቆያ፣ ዕቅድ 1፣ ክንውን 1፣ አፈጻጸም 100 ፐርሰንት።"

እና ማለቢያ ገዛሁ። በባትሪ የምትሠራ፣ ትንሽ፣ ስትሠራ "እዝዝ" የምትል። መጸዳጃ ቤት ሞከርኩ፤ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፣ አንዱን እጅ ለበሩ መስጠት ግድ ነው። መዝገብ ቤት ሞከርኩ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለው አቧራ አስነጠሰኝ። ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ደግሞ የአንዱ ባልደረባዬ ስልክ ጥሪ የሕፃን ለቅሶ ኖሯል። ስልኩ ሲያለቅስ ጡቴ እሺ ብሎ ለቀቀው። ለካስ ጡት የሰውን ልጅና የስልክን ለቅሶ አይለይም! ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። በግምገማው ላይ "ስብሰባ አቋርጦ መውጣት ይስተዋላል" ተብሎ ተያዘብኝ።

የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጪ የሚቆየው አራት ሰዓት ያህል ነው። እኔ ግን ጠዋት አልቤ ልጄ ጋ የምደርሰው ማታ ነው። ስለዚህ ክበቡ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጊዜው መጋቢት 2015 ነበር። ክበቡ በሙሉ ሽሮና ምስር፤ በመሐል አንዲት ጡጦ ወተት። ወሬው እስከ አምስተኛ ፎቅ ተሰማ፦ "በዓቢይ ጾም ወተት የሚጠጣ አለ!" መጀመሪያ የተጠረጠሩት ሙስሊም ባልደረቦቼ ናቸው። እነሱ ደግሞ ረመዳን ገብቶ ውኃ እንኳን አይቀምሱም። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ማስረጃውን በእጁ ይዞ ለሁሉም ሲያሳይ ደረስኩ። "የኔ ነው" አልኩት። "አንቺ ነሽ የምትጠጪው?" "አይ፣ የኔ... ከኔ የወጣ ነው።" እጁን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበ። ዕድሜ ለክበቧ እመቤት፣ ጡጦዋን አየር ላይ ቀለበችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ዓይኔን አያይም። አበሌንም በጊዜ ይሠራልኛል።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ግን በር ላይ ነው። እኛ ጋ ሲገቡ ይፈተሻል፣ ሲወጡም የመንግሥት ንብረት እንዳይወጣ ይፈተሻል። ከጥበቃ ኤጀንሲ አዲስ የተመደበች ፈታሽ ቦርሳዬን ከፈተች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ማለቢያ።"

"የላም?"

"የኔ።"

ገመዱን፣ ባትሪውን ገለባበጠችው። "ኤሌክትሮኒክስ ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም።" መውጫ የሚፈርመው ማን ነው? ያው ጋሼ፣ ቁልፍ ያዡ። ሄድኩ። "መለያ ቁጥር አለው?" አለኝ። የግሌ ነው አልኩት። "ሲገባ ካልተመዘገበ የግል መሆኑ በምን ይታወቃል?" መታለቢያው የመንግሥት ሰዓት፣ ቦታው የመንግሥት መዝገብ ቤት፣ ፍሪጁ የመንግሥት። ይሄን ሲያስበው ወተቱንም ገቢ አድርጊ እንዳይለኝ ፈርቼ ቶሎ አስፈርሜ ወጣሁ።

ፈታሿ ወረቀቱን አይታ ጡጦውን አነሳች። "ይሄስ?"

"ወተት ነው።"

"ቅመሺው።"

"እህቴ፣ የራሴ ነው እኮ።"

"የራስሽ ከሆነ ምን ያስፈራሻል?"

ሰርቪሱ ጡሩምባውን ይነፋል። ቀመስኩት። ጣፈጥ ይላል፤ ልጄ አልተሳሳተም። ፈታሿ ጡጦውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ስንት ወሩ ነው?"

"አምስት ሊሆነው።"

"የኔ ሦስት ወር ነው" አለች። ከወለደች በሁለት ወሯ ነው የተመለሰችው። የኔም የሷም አዋጅ እኩል 90 ቀን ነበር የሚለው፤ የሷ ኤጀንሲ ግን "ካልመጣሽ ሌላ እንተካለን" ብሏታል። 12 ሰዓት ቆማ ትውላለች። ሲሞላባት እዚያችው መፈተሻ ክፍል ገብታ በእጇ ሶፍት ላይ ታልበዋለች። "እንደው ይደፋል" አለችኝ። ጡጦዬን ክዳኑን አጥብቃ፣ በሁለት እጇ አድርጋ መለሰችልኝ።

በማግሥቱ ማለቢያዋን ለሁለት መጠቀም ጀመርን። እሷ የራሷን ጡጦና መግጠሚያ ይዛ መጣች። ከክበቧ እመቤት ጋርም ተስማማች። የሴቶች መፈተሻዋ ክፍል መጋረጃ አላት፣ ፕላስቲክ ወንበር አላት፣ ወንድ አይገባባትም። ከዚህ በላይ ምን ማቆያ አለ? ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እገባለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ተራው የሷ ነው፤ እኔ ደጅ ቆሜ ባለጉዳይ አግዳለሁ።

"ምነው፣ አንድ ሴት ለመፈተሽ ሃያ ደቂቃ?" ትላለች ሰልፍ ላይ ያለች።

"ጥብቅ ፍተሻ ነው፣ እናቴ። ጠብቂ።"

ከውስጥ "እዝዝ" ይላል። ሰዉ የመፈተሻ ማሽኑ ይመስለዋል።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲነበብ እኔም አዳራሽ ነበርኩ። የሕፃናት ማቆያ እንደተለመደው 100 ፐርሰንት። ቀጥሎ ጥበቃ ክፍሉ ተመሰገነ። "በተለይም በሴቶች በኩል የሚደረገው ፍተሻ ከምንጊዜውም በላይ ተጠናክሯል" ተባለ። አጨበጨብኩ።