ባሕታዊው ዋጋ

ከእንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ለራሴና ለአምስት ዓመቷ ልጄ አንድ ዓይነት የሐበሻ ቀሚስ በርካሽ ለማግኘት ስልኬን ይዤ በተቀመጥሁበት ምሽት፣ ስለ ንግድ የነበረኝ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ተናደ። እስከዚያ ምሽት ድረስ ነጋዴ ማለት ዕቃውን የሚያሳይ፣ ዋጋውን የሚናገር፣ ገንዘቡን የሚቀበል ሰው ይመስለኝ ነበር። ይህ የጉልት ሽንኩርት ቸርቻሪዎች ልማድ መሆኑን፣ የሠለጠነው ነጋዴ ግን ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ እንደሚሠራ ማን ነግሮኝ! ዕቃውን ያሳያል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ዋጋው ዓለምን ንቆ መንኗል።

ፎቶግራፉን ሁላችሁም ሳታዩት አትቀሩም። እናትና ልጅ ከሰው ሠራሽ ጽጌረዳ ግድግዳ ፊት ቆመዋል፤ ጥልፉ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ፈገግታው አንድ ነው። ከሥሩ «የእናትና ልጅ ማቺንግ! ለዘናጭ እናቶች! በማይታመን ቅናሽ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ! ያሉበት ድረስ እናደርሳለን! የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው!» ይልና፣ ይህ ሁሉ ጩኸት ካለቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ቅናሹ የማይታመን መሆኑ እውነት ነው፤ ያላዩትን ማመን የሃይማኖት እንጂ የገበያ ሥራ አይደለም። ከዚያ በታች ሁለት መቶ ያህል ሴቶች «ዋጋ?»፣ «ስንት ነው?»፣ «ፕራይስ?» እያሉ ተሰልፈዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም «ኢንቦክስ አድርገናል ውዴ» የሚል መልስ ተሰጥቷል። አራት አኃዝ አንድ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁለት መቶ ጊዜ መጻፍን የመረጠ ነጋዴ ሰነፍ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

ጥበቡ ግን ከአገር የወጣ አይደለም። የቅኔ መምህራን ሰሙን ላይ ላዩን አሳይተው ወርቁን ለሚፈትሽ ብቻ ይተዉ እንደነበረ ሁሉ፣ የዘመናችን ልብስ ነጋዴም ቀሚሱን ሰም፣ ዋጋውን ወርቅ አድርጎ አዘጋጅቶታል፤ ወርቁን ፈልቅቃ ያወጣች እናት እንደምትመሰክረውም፣ ወርቅ መባሉ በምሳሌ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ረቂቅነት ጋር ሲነጻጸር፣ መርካቶ ዳር ሸራ አንጥፎ ሰልባጅ የሚከምረው ጎረምሳ ምንኛ ያልታረመ ነው! ገና ከሩቅ «ሁሉም በመቶ፣ አንሱ በመቶ፣ ምርጥ ምርጡን በመቶ!» እያለ የመንገደኛውን ሁሉ ጆሮ ያደነቁራል። ማን እንደሆነች አይጠይቅ፣ ሰፈሯን አይጠይቅ፤ የሦስት ልጆች እናት እጇን ከክምሩ ውስጥ አግብታ፣ አንገትጌው ያልተላላ፣ ዚፑም የሚሠራ የሴት ልጅ ጃኬት ስታወጣ ዋጋውን አስቀድማ ስለምታውቅ፣ የታክሲዋን ቀንሳ ሁለተኛ መጨመር መቻል አለመቻሏን እዚያው ቆማ ታሰላለች። ልባሽ ጨርቅ እንደሚታወቀው ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ሸቀጥ ነው። እንግዲህ የተከለከለውን የሚሸጠው ዋጋውን ጉሮሮው እስኪነቃ ድረስ በአደባባይ ይጮኻል፤ የንግድ ፈቃዱን በመስታወት አስገብቶ የሰቀለው ደግሞ የሕጋዊ ዕቃውን ዋጋ በሹክሹክታ እንኳን አይናገርም። ሽሮ ሜዳ ብትወጡም ያው ያልሠለጠነ አሠራር ነው የሚገጥማችሁ፤ ሻጩ «አራት ሺህ» ይላል፣ ገዢዋ «ሁለት ሺህ» ትላለች፣ «ልክሰርልሽ እንዴ እናቴ» ይላታል፣ ጥላው ትሄዳለች፣ «ነይ ውሰጂ» ብሎ ይጠራታል። የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ውሸቱን ለመጀመር እንኳን አንድ ቁጥር መጠራት አለበት።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ «ሰላም፣ የእናትና ልጅ ቀሚሱ ዋጋው ስንት ነው?» ብዬ ጻፍሁ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ «ሰላም ውዴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል መልስ ከሦስት አበባ ጋር ደረሰኝ። በጨዋ ደንብ አመስግኜ ጥያቄዬን ደገምሁ። «ለማን ነው?» ተባልሁ። የእናትና ልጅ የተባለው ቀሚስ ለእናትና ለልጅ መሆኑን አስረዳሁ። ዕድሜዋ ስንት ነው? አምስት። ወፈር ያለች ናት ወይስ ቀጠን ያለች? መካከለኛ። ለበዓል ነው ወይስ ለልደት? ለበዓል። የልጄ ውፍረት ጨርቅ ሊያስጨምር እንደሚችል ራሴን አሳመንሁ፤ በዓልና ልደት የጨርቁን መጠን እንዴት እንደሚለውጡ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ረቡዕ «ሰፈር የት ነው?» የሚል መጣ፤ ለማድረስ ይሆናል ብዬ ነገርኋት። ሐሙስ «የት ነው የምትሠሪው?» የሚል ተከተለ። ቤት ላከራይሽ የሚል ደላላ እንኳን ይህን ያህል አላጠናኝም። ዓርብ ማታ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚረዝም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፤ ጨርቁ መነን መሆኑን፣ ሽሮ ሜዳ በእጅ መሸመኑን፣ የጥልፉ ክር እንደማይለቅ፣ ቢታጠብ እንደማያጥር በዝርዝር ይተርካል፤ ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዲት ሴትም ቡናው መፍላት አለመፍላቱን ትጠይቃለች። ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ አምስተኛው ሰከንድ ላይ «ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ…» አለችና መልእክቱ ተቆረጠ።

ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። በአገራችን ደንብ ክቡር ነገር በጽሑፍ አይጠየቅም፤ ሽማግሌ ይላካል። ጋቢያቸውን ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች መርጬ መስደድ ነበረብኝ። ሱቁ በር ላይ ቆመው «ተቀመጡ» ሲባሉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ይላሉ። «ደጃችሁን ወድደን፣ ስማችሁን ሰምተን መጥተናል፤ የቀሚሳችሁን ዋጋ ለልጃችን ጆሮ ትሰጡልን ዘንድ ነው» ይላሉ። የሱቁ ሰዎች እርስ በርስ ይተያዩና «ነገሩ በእኛ ብቻ አያልቅም፤ ዱባይ ያለው አጎቷም መማከር አለበት» ብለው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣሉ። በቀጠሮው ቀን የሁለቱ ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በዋጋውና በደመወዜ መካከል ምንም ዓይነት ዝምድና እንደሌለ ሲረጋገጥ፣ ለዚያስ ሰባት ቤት መቁጠርም አያስፈልግም ነበር፣ ጋብቻው ይፈቀዳል። ከዚያ ቀብዱ በቴሌብር ይጣላል፤ ቀሚሱም በሞተር ሳይክል ታጅቦ ከነሚዜው ቤቴ ይገባል። ሠርጉ እንዲህ ደምቆ ያልፋል፤ መልስ ግን የለውም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ሽማግሌ ስላልነበረኝ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ራሴ ሄድሁ። ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ቀሚሱን ልብስ ማሳያ አሻንጉሊቱ ለብሶት አገኘሁት፤ ከብብቱ ሥር ቀጭን ክር ተንጠልጥሏል፣ ክሩ የያዘው ወረቀት ግን ተቀድዷል። በትሕትና የተቀበለችኝ ልጅ «እትዬ፣ ዋጋውን የምታውቀው ባለቤቷ ናት፤ እርሷ ደግሞ አሁን ወጣች» አለችኝ። መቼ እንደምትመለስ ጠየቅኋት። «ከሚጠብቁ በቴሌግራም ቢጽፉላት ይሻላል» አለችኝ፤ «ቶሎ ትመልሳለች»።

ከግድግዳው ላይ ያነበብሁትን ሁሉ ልዘርዝርላችሁ፤ የንግድ ፈቃድ፣ ዱቤ የለም፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ነጭ ልብስ በእጅ አይነካም፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። የመለጠፊያ ቦታ፣ ማጣበቂያና የጽሑፍ ችሎታ ያልጎደለው ይህ ሱቅ ለአንዲት ቁጥር ብቻ ግድግዳ ጠቦታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ ዋጋውን በሱቁ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ደንግጓል። አርቃቂዎቹ ዋጋ የብቸኝነት ሕይወት እንደሚወድ ያልተረዱ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል።

ወርቁ የተገለጠልኝ በአሥረኛው ቀን ነው። «ለሁለታችሁ 7,800 ብር፤ ከ12,000 የወረደ ነው ውዴ፤ ዶላር ስለጨመረ ነው» የሚል መጣልኝ። ማንም ዓይቶት የማያውቅ፣ ሳይወለድ የወረደ ዋጋ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የማይነካው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሆኖም በራሷ የድምፅ ምስክርነት ሽሮ ሜዳ ተሸምኖ፣ ሽሮ ሜዳ ተጠልፎ፣ በሚኒባስ ታክሲ ቁልቁል የወረደ ቀሚስ በየትኛው ኬላ ላይ ዶላር ተጠይቆ እንደከፈለ ማወቅ እሻ ነበር። ክሩ ከውጭ ነው የሚመጣው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ለክሩ ልመን። «ትንሽ አይቀነስም?» ብዬ ስጽፍ መልሱ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መጣ፤ «አልቋል ውዴ»።

«ዋጋ የምትጠይቅ የመግዛት አቅም የላትም» እያሉ በየፎቶው ሥር የሚጽፉ ዘመናውያን እዚህ ላይ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ፈገግታቸውን ለጥቂት ጊዜ ይያዙልኝ። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የአክስት ልጅ አለችኝ። የሰባት ዓመት ሴት ልጇ ደሴ ከአያቷ ዘንድ ታድጋለች፤ እናትና ልጅ ከተያዩ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ያንኑ ፎቶግራፍ አይታ፣ እርሷ እዚያ፣ ልጇ እዚህ አንድ ዓይነት ለብሰው ፎቶ ሊነሡ፣ ከዚያም ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ክፈፍ ልታኖር አስባ ዋጋ ጠየቀች። እኔ አሥር ቀን የለመንሁትን እርሷ በአሥር ደቂቃ ተነገራት፤ ስልኳ በ966 ይጀምራላ! የተነገራትም ለእኔ ከተነገረኝ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። «ተመጣጣኝ» ማለት ከምን ጋር መመጣጠን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ከቀሚሱ ጋር ሳይሆን ከጠያቂዋ ጋር ነው፤ ከፎቶግራፏ፣ ከሰፈሯ፣ ከመሥሪያ ቤቷ፣ ከስልኳ መነሻ ቁጥር ጋር ነው። በባዕድ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ ያጠራቀመችውን ሪያል፣ ልጇን የናፈቀችበትን ልቧን ጭምር መዝኖ ዋጋ የሚቆርጥባት ሰው ሌባ ነው። ውዴ ብሎ ስለጠራት ስሙ አይለወጥም። እርሷም ከፈለች፤ የከፈለችው ስላላወቀች አልነበረም፤ በዓሉ ቀርቦ ልጅቷም ተስፋ አድርጋ ስለነበረ ነው።

ለነገሩ እኛ እናቶችም ዋጋን በማስመነኑ ሥራ የድርሻችንን ሳናዋጣ አልቀረንም። የጎረቤት ሴት ቡና ላይ «ስንት ገዛሽላት?» ስትለን ርዕስ እንለውጣለን። ከክምሩ በመቶ ብር ያወጣችውን ጃኬት ምልክቱን ቆርጣ «አሜሪካ ያለች እህቴ ልካላት ነው» የምትል እናት አውቃለሁ፤ በመስታወት ውስጥም አልፎ አልፎ አያታለሁ። ሙሉ ለሙሉ ውሸት ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ጃኬቱ ከአሜሪካ መምጣቱ መቼም አይቀርም፣ ያልመጣችው እህት ብቻ ናት።

ልጄ በእንቁጣጣሽ ዕለት አበባየሆሽ የጨፈረችው ባለፈው ዓመት ቀሚሷ ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እጥፋቱን ፈትቶ፣ ከአሮጌ ነጠላዬ ላይ የተቆረጠ ጥበብ ከሥሩ ቀጥሎ አስረዘመላት፤ የቀረውን ነጠላ እኔ ለብሼው ስለዋልሁ ሳናስበው ማቺንግ ሆንን። ሰውዬው ግን ባለጌ ነው። ቀሚሱን ከፌስታል ገና ሳላወጣው፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «መቶ ሃምሳ ብር» አለኝ።

መስከረም 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ሰላም ውዴ፣ ያ የወደድሽው ቀሚስ እንደገና ገብቷል፤ ለመስቀል አትፈልጊውም?» ይላል። «ዋጋው ያው ነው?» ብዬ ጻፍሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መልሱ ከሦስት አበባ ጋር ደረሰኝ። «ለማን ነው?»