ጀርመን ላይ ወራጅ አለ

"ወራጅ አለ!" አልኩ። ባጃጁ አልቆመም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። አሁንም አልቆመም። ሦስተኛውን እዚህ ድሬዳዋ ለገሃር አካባቢ የተቀመጡት ሊስትሮዎች ሁሉ ሰምተውታል። ያልሰማው ሹፌሩ ብቻ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር ልንገባ ስንል ትከሻውን ያዝ አደረግኩት። ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ብንን አለ።

"የት ሄደህ ነው አቦ?" አልኩት።

"ጀርመን" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ልጁ ግን አልሳቀም። ጀርመን ያለ አጎቱ "እወስድሃለሁ" ካለው ቆይቷል። እሱም ከሳቢያን ለገሃር ሲመላለስ በየቀኑ ጀርመን ደርሶ ይመጣል። በዚህ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። "ትርፍ መንገድ ስላመጣሁህ 10 ብር ጨምርበት" አለኝ። እሱ ላለመው እኔ ልከፍል!

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ነው። የድሬን የሰባት ሰዓት ፀሐይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ለሚያውቅ ደግሞ አያስፈልግም። ደቻቱ እንደ ወትሮው ውሃ የለውም፣ አሸዋ ብቻ። ድልድዩን በእግሬ ስመለስ በቁማቸው የሚያልሙትን ሁሉ እየረገምኩ ነበር።

ስለ ህልመኛ ሲወራ ሰው ሁሉ አንድ ተረት ይጠቅሳል። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።" ይህቺን ተረት በጣም ነው የምወዳት። ሰው ግን ያለ ቦታዋ ነው የሚያመጣት። ሁልጊዜ ለማሾፍ። እስቲ ልብ በሉ። ሰውዬው ላም አለኝ አለ። የት? በሰማይ። ወተቷስ? አላይም። ከዚህ በላይ ሐቀኛ ሰው ከየት ይምጣ? ወተት አልሸጠልንም። በላሟ ስም አልተበደረም። ቀብድ አልተቀበለም። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ ቢሆን ቡና እየጠራሁት አብረን ባንጋጠጥን ነበር።

ችግሩ ወተቱን ለሰው የሚያድሉት ናቸው። ድሬ ላይ እነሱን ለማግኘት ብዙ አያስለፋም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ጨዋታው ይደምቃል። ከዚያ ምርቃናው ሲመጣ ቤቱ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚቆመው ፎቅ ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ድሬ ጥላ ባልቸገራት። እኔ ራሴ ፍራሽ ላይ ተደግፌ የሆቴል ባለድርሻ ሆኛለሁ። ሐሳቡ የአንድ ወዳጄ ነበር። ሆቴሉ ባለ አራት ፎቅ ነው። ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ባቡር ሲገባ ይታያል። አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ መሆኑ በዚያን ሰዓት ለማንም አልታሰበውም። "ድርሻህን ለመያዝ 3000 ብር በቂ ነው" አለኝ። ሰጠሁት። ማታ ጨብሲ ሲጀመር ሆቴሉ ሁለት ፎቅ ሆነ። ጠዋት መሬቱም የለም። ብሩም የለም። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ባለድርሻው!" ብሎ ይጠራኛል። ይቅር ያልኩት እንዳይመስላችሁ።

ከሱ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊቱ ብርጭቆ ሻጭ ይሻላል። በወረሰው 100 ድርሃም ብርጭቆ ገዝቶ ገበያ ተቀመጠ። ቁጭ ብሎ በሐሳቡ ነገደ፣ ከበረ፣ የባለሥልጣን ልጅ አገባ። ሙሽሪት ላይ ሊኮራ እግሩን ቢወረውር ያን ሁሉ ብርጭቆ አደቀቀው። አንድ ነገር ግን አለ። የተሰበረው የራሱ ብርጭቆ ነው።

የድሮ ደራሲዎች ይህ ሒሳብ ይገባቸዋል። ፈረንሳዊው ፍሎበር እ.ኤ.አ. በ1857 በመጽሐፍ ያወጣት ኤማ ቦቫሪ ፍቅርን ከልቦለድ ተማረች። የገጠር ሐኪም ያገባች ሴት ናት፣ ኑሮው ሰለቻት። ህልሟን በዱቤ መግዛት ጀመረች። መጨረሻዋ ዕዳና መርዝ ሆነ። ጭካኔ ነው፣ ግን ከፍላለች ትላላችሁ። አልጨረሰችም! ቀሪውን የከፈለችው ትንሽ ልጇ ናት፤ ጥጥ ፋብሪካ ገብታ። ሰው ሁሉ ስለ ኤማ ሲያለቅስ ልጅቷን የሚያስታውስ የለም።

ወይም ዋልተር ሚቲን ውሰዱ። ጄምስ ተርበር እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርከር መጽሔት ያወጣው አጭር ልቦለድ ነው፣ የጥቂት ገጽ ነገር። ሚቲ ሚስቱን ፀጉር ቤት አድርሶ፣ ለራሱ ጫማ ላይ የሚደረብ ጫማ፣ ለውሻ ደግሞ ብስኩት ሊገዛ የወጣ ሰው ነው። እግረ መንገዱን የባሕር ኃይል አዛዥ፣ ቀዶ ሐኪም፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ይሆናል። የመጀመሪያውን ህልም የሚያልመው መኪና እየነዳ ነው። ሚስቱ ፍጥነቱን አይታ ትጮኽበታለች። አንባቢ ሁሉ በሴትየዋ ይናደዳል። ምን ያለች ነዝናዛ ናት፣ ሰውዬውን ለአፍታ ብትተወው ምናለ? እኔም እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ። አሁን ገብታኛለች። ሴትየዋ እኮ ተሳፋሪ ናት።

ሲኒማው ደግሞ አባሰው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ2013 ፊልም ሆኗል። በጽሑፉ ሚቲ የትም አይሄድም። መጨረሻው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሲጋራ እያጨሰ፣ በሐሳቡ ሊረሸን መቆም ነው። በሁለቱ ፊልሞች ግን እውነተኛ ጀብዱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ቆንጆ ሴት ትጨመርለታለች። በሁለተኛውማ ግሪንላንድ ድረስ ሄዷል። ሚስቱስ? የለችም። ሁለቱም ፊልሞች ሲጀምሩ ሰውዬው ወንደላጤ ነው። "ቀስ በል" የምትለዋን አውርደዋት ሄዱ። እንዲህማ ከሆነ ማንም ያልማል! የኛም ልጆች ይህን እያዩ አድገው ነው ለገሃርን የሚያልፉት።

እኔ ንጹህ ነኝ አላልኩም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የባቡሩ ፉጨት ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። በተነፋ ቁጥር ተሳፍሬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን መስኮት ይዤ፣ ነፋስ እየመታኝ ስሄድ፣ የሒሳብ መምህሩ ስሜን ጠራ። "7 ጊዜ 8 ስንት ነው?"

"ሽንሌ" አልኩ።

ምን ላድርግ? ወደ ጅቡቲ ሲኬድ ድሬን እንደለቀቁ ያለው ጣቢያ ነዋ፣ እዚያ ደርሼ ነበር። በጆሮዬ ተጎትቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ሽንሌ የሚሉኝ አሉ፤ አንዱ የልጅ አባት ሆኖ እንኳን አልተወኝም። የሚያበሳጨኝ ግን ቅጽል ስሙ አይደለም። ያ መምህር "ጻፉ" ብሎን ሰሌዳውን ሞልቶ፣ እሱ በዚያው መስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ደወሉ ይደወል ነበር። የሱን ጆሮ የጎተተ የለም። ህልምም እንደ ደረጃ ነው።

ከተማዋ ራሷስ ብትሆን? ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ የታለመው ሐረር ሊገባ ነበር። ተራራው ወጪ በዛበትና እግሩ ሥር ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ። ቦታውንም አዲስ ሐረር አሉት፣ አሮጌዋን ሐረር አያጽናና ነገር። አልሞ ያላገኘው ሐረሬው፣ ፎክሮ የሚኖረው ድሬው። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ ይህን ሳነሳ "እናንተ መቼም ቆላ ናችሁ" ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

የት ነበርን? ጫማው። ማክሰኞ ለገሃር መውረድ የፈለግኩት የባለቤቴን ጫማ ከጫማ ሰፊ ላመጣ ነበር። ላቤ እየተንጠባጠበ ስደርስ ሰውዬው ሳጥኑን ቆልፎ ሄዷል። ጎረቤቱን ብጠይቀው ጣቱን ወደ አንድ በር ቀሰረ። በርጫ ላይ ነው። አንኳኩቼ ላስወጣው አሰብኩና ፈራሁ። ብገባ ምን ባለድርሻ ሆኜ እንደምወጣ አይታወቅም።

10 ብሯን ከፍያለሁ፣ አዎ። ትናንት ከሰዓት ያንን ባጃጅ አየሁት። ከኋላ ሁለት እናቶች ዘንቢላቸውን ታቅፈው "ወራጅ! አንተ ልጅ፣ ወራጅ!" ይላሉ። አንደኛዋ በጃንጥላዋ ጣሪያውን ትመታለች። ልጁ ፈገግ እንዳለ ድልድዩን ተሻገረ። ፍራንክፈርት ሳይደርሱ አይወርዱም። ጫማው እስካሁን እዚያው ነው።