አባዬ ነው የጠፋው

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ካደረ ያንቀኛል።

ከፒያሳ ሜክሲኮ ታክሲ ይዘናል። የድሮው መጫኛ ፈርሶ አዲሱን ስፈልግ ሁለቴ ተሳስቼ ዞርኩ። ወንጀሌ ይኸው ነው። ልጅት ዝም ብላ ቆይታ፣ ታክሲው ግጥም ሲል ጠብቃ፣ በዚያች የስድስት ዓመት ምላሷ፦

«አባዬ፣ ለእማዬ እንደውልላት? አባት ሲጠፋ እኮ እናት ናት የምታገኘው።»

«ማን አለሽ?»

«ፊልሙ ላይ!»

ታክሲው በሳቅ አለቀ። ረዳቱ ይባስ ብሎ የኔን መልስ ለሷ ሰጣት፦ «እማ፣ አንቺ ያዢው፣ ፋዘር እንዳይጥለው።» ሌላ ቀን እኮ ለአምስት ብር መልስ ሽማግሌ የሚያስልኩ ናቸው! ዛሬ ቆጥሮ ሰጠ።

የነዚህ የካርቱን ሠሪዎች አባት ምን አድርጓቸው ነው ግን? የ«ላየን ኪንግ»ን አባት አንበሳ ሙፋሳን እዩት፤ አስተዋይ፣ ግርማ ያለው፣ ልጁን ቁጭ አድርጎ የሚመክር። ፊልሙ ሳይጋመስ ገደሉት። ጥሩ ከሆንክ ትሞታለህ፣ ካልሞትክ ጅል ነህ። በ«ኢንክሬዲብልስ 2» ደግሞ መኪና የሚያነሳው ሰውዬ ሚስቱ ሥራ ስትወጣ በልጁ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዘረራል። የኔሞ አባት ማርሊን ስንት ባሕር አቋርጦ ልጁን ያገኘ አባት ነው፤ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ፈሪ ተደርጎ ተስቆበታል። እነኔሞ የተሳሉበት ዓሣ፣ የእውነቱ ክላውን ፊሽማ ይብሳል፦ እንስቷ ስትሞት ወንዱ ራሱ ተለውጦ እንስት ይሆናል። ተፈጥሮም አላመነችንም ማለት ነው!

የኔ አባት በር ላይ ሲያስል እኮ ቤቱ እርጭ ይል ነበር። እሺ፣ እሱም ፀጉሬን አበጥሮኝ አያውቅም። እኔ አበጥራለሁ። ምሳ እቋጥራለሁ። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ከሥራ አስፈቅጄ፣ አንደኛ ደርሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ መምህሯ በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን እያየች፦ «እናቷ አልመጡም?»

አልመጡም! እኔ መጥቻለሁ! ምን ላድርግ፣ ቀሚስ ልልበስ?

ፊልሙን ደግሞ ቅዳሜ ራሴ ነኝ የከፈትኩላት። በራሴ ካርድ። እሷ ስትስቅ እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

ቤት ደረስን። ሚስቴ በሩን ከፍታ «ምነው ቆያችሁ፣ ጠፋችሁ እንዴ?»

«እኔ አልጠፋሁም» አለች። «አባዬ ነው የጠፋው።»

መልሱንም ቆጥራ ለእናቷ አስረከበች።