ይድረስ በቅዳሴ መካከል ለሚጮኹት ክቡር ስልክ

ጉዳዩ፦ በእግዚኦታ ሰዓት ስላሰሙት ድምፅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? መቼም ባትሪዎ ሞልቶ፣ ኔትወርክዎም ሳይቆራረጥ እንደሰነበቱ ጥርጥር የለንም። ሌላ ቀን አምስት ደቂቃ ለምነን የማናገኘው ኔትወርክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሆን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ያለፈው እሑድ ፒያሳ አካባቢ ካሉት አድባራት በአንዱ ያደረጉትን እናስታውስዎ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» አለ፤ ሕዝቡም «አሐዱ አብ ቅዱስ» ብሎ መለሰ። ከዚያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ተጀመረ፤ እንደሚያውቁት 41 ጊዜ ነው። አንዱ በጣቱ አንጓ ይቆጥራል፣ ሌላው ዐይኑን ጨፍኗል። ሃያዎቹ ላይ ስንደርስ እርስዎ ከአንድ ጋቢ ሥር በሙሉ ድምፅ ከች አሉ።

ባለቤትዎ የጎን ቁልፍዎን አንዴ ቢነኩ ይበቃ ነበር። ጥሪ ሲመጣ የድምፅ መቀነሻው ከተነካ ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል፤ ደዋዩም አይዘጋበትም፣ ጠርቶ ጠርቶ ይተዋል። ለዚህ ስልኩን ማውጣት እንኳ አያስፈልግም፤ ኪስ ውስጥ እንዳለ በጣት ይገኛል። እሳቸው ግን ጋቢውን ገለጡ፣ ከጋቢው ሥር ኮቱን፣ ከኮቱ ሥር የውስጥ ኪሱን። አወጡዎት። ማን እንደደወለ ለማንበብ መነጽር ፈለጉ። አነበቡ። እየጮኹ መልሰው ከተቱዎት! ደዋዩም የአዲስ አበባ ሰው ነዋ፤ ካልተነሳለት ይደግማል። ሲደግም ባለቤትዎ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ «ቅዳሴ ላይ ነኝ... ቅዳሴ ላይ ነኝ እኮ... ሲሚንቶው ገባ?» አሉ።

ሲሚንቶው ገብቷል። ሁላችንም ሰማን።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሥርዓት አስከባሪው ድምፁን ተከትሎ ሲደርስ እርስዎ ጋቢ ውስጥ ተመልሰው ጭጭ ብለዋል፤ ባለቤትዎም ዐይናቸውን ጨፍነው ከማንም በላይ በተመስጦ እየጸለዩ ነው። እጅ የተጠቆመው አጠገባቸው መቋሚያ ተደግፈው በቆሙት አዛውንት ላይ ነበር፤ እጃቸው ላይ ከዳዊት በቀር ምንም አልነበረም። «አባት፣ ይውጡ» ተባሉ። ወጡ፣ ሳይከራከሩ። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሳይል ማንም ከቅዳሴ እንደማይወጣ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባለቤትዎ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ሌሊት ተነስተው ለሚያደርሱት ቅዳሴ እርስዎ ስድስተኛ ልዑክ ሆነው ተሾሙ፤ ሹመት ያዳብር ማለት ነው የቀረን።

በበሩ ላይ «ጫማዎን ያውልቁ፣ ስልክዎን ያጥፉ» ተብሎ ተጽፏል። ጫማው ይወልቃል። ለሁለተኛው መመሪያ ግን ጥቅስ እየተጠየቀ ነው፤ ሙሴ በኮሬብ ጫማህን አውልቅ ሲባል (ዘጸ. 3፥5) ኪሱ አልተፈተሸማ! ከታክሲ መስኮት አራዳ ጊዮርጊስን ሲያልፍ ሦስት ጊዜ የሚያማትብ ሰው፣ ውስጥ ሲገባ እርስዎን ማጥፋት ይከብደዋል።

«ጥሪዬ እኮ መዝሙር ነው» ለሚሉት ባለቤቶችዎ፦ ቅዳሴው የራሱ ዜማ አለው።

ማንቂያ ደወልዎም አለ። ድምፅ አልባ አድርጌዋለሁ ብሎ የሚምል ሰው ሁሉ ዋሽቶ አይደለም። ድምፅ አልባ ማድረግ ጥሪን እንጂ በአብዛኛው ስልክ ላይ ማንቂያን ዝም አያሰኝም። የአውሮፕላኗ ምልክትም እንዲሁ ናት። ከቅዳሴ በፊት ለሚደርሰው ኪዳን ሌሊት ተነስቶ የጠዋቱን ማንቂያ ሳይሰርዝ የመጣ ሰው ወንጌል ሲነበብ ይቀሰቀሳል። ንዝረት ያደረጉዎትም እንጨት አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጡዎት ከጥሪው የባሰ ያጉረመርማሉ። ማጥፋት ነው መፍትሔው፤ እሱም ቢሆን አንዳንድዎ ላይ ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ በመጥፋት ፈንታ የስልኩ የድምፅ ረዳት፣ የምታናግር ሴት ትመጣለች። ስለዚህ ሥራው ያለው ደጀ ሰላም ላይ ነው፤ ማንቂያው ይሰረዝ፣ ስልኩ ይጥፋ፣ መስታወቱ መጥቆሩ ይታይ፣ ከዚያ ይገባ። ለእናቱ ስልክ ገዝቶ ማጥፊያውን ሳያሳይ የሄደ ልጅም ከዚህ ወቀሳ ድርሻውን ይውሰድ።

ካሜራዎን በተመለከተ ግን አክብሮታችን አልቋል። ጠበል እየወረደባት የምትጮኸውን ልጅ የሚቀርጹት ማን ፈቅዶልዎት ነው? ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ ራሷን ሳታውቅ ወድቃ፣ እናቷ ነጠላ ልታለብሳት ስትታገል እርስዎ ከላይ ሆነው ፊቷን ያጎላሉ። ማታ ቲክቶክ ላይ ናት፤ ከሥሯ የሚስቅ ምልክት ተደርድሯል። ነገ ድና ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ ቀጣሪው አይቷታል፤ ሊያጯት የመጡት ሽማግሌዎችም አይተዋታል። ለምስክርነት ነው አይበሉን። ምስክርነት የዳነ ሰው በራሱ አፍ፣ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። ይኼ ነውር ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲሆን ደግሞ እጥፍ ነውር።

ሬሳ ሣጥን ላይ ፍትሐት ሲደርስ በቀጥታ የሚያስተላልፉትን ለሌላ ደብዳቤ አቆይተነዋል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ብለው ለሚደውሉ ዘመዶች