ሞተር ላይ የተቀመጠው ልጅ

ማታ ማታ በሚኒባስ ከኮምቦልቻ ደሴ የምንመለስ ሰዎች ስም አንጠያየቅም፤ በወንበር ግን እንተዋወቃለን። ከሾፌሩ ኋላ መስኮት ዳር ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ኮምቦልቻ ሱቅ ስላላት ይመላለሳሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በሩ ጋ ዘንቢላቸውን እግራቸው መሀል አድርገው የሚቀመጡት በርበሬና ቅመም የሚነግዱት እትዬ ናቸው። ኋላ ወንበር ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ልጅ አለች፤ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ እንደተገኘው ነኝ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሐረጎ ዳገት መሀል ስንደርስ አንድ ተሳቢ ጠምዘዣው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል፤ ሾፌራችን ሞተሩን አጠፋ። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የዋለ ሰው ሐረጎ ላይ ጋቢ ያምረዋል፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የሚወጣው። መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ፤ ጨዋታ ተጀመረ።

የጨዋታው መነሻ ሞተር ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። አሥራ ስምንት፣ ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው። የአንድ እግሩ ኮንጎ ጫማ ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። ማዳበሪያ ውስጥ የከተታትን ብርድ ልብስ አውጥቶ ተከናነበ። እጁ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አለች፤ ላብ አርሷት ቀለሙ መድመቅ ትቷል። ከኮምቦልቻ ጀምሮ በሦስት ሰው ስልክ አስደውሏል፤ አይነሳም።

እትዬ አየት አደረጉትና፣ "ደሴ ዛሬም አንድ ጨመረች" አሉ።

"ምን አደረገዎት?" አሉ ጋሼ።

"እኔን ምን ያደርገኛል። ውሃው ግን አልጨመረም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ነው ጀሪካን የምሞላው። የጦሳን ተራራ ቀና ብለው አይተውታል? ቤቱ ዳገቱን ይዞ ወጥቷል፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው እኛ ደጅ ነው የሚወርድ። ድሮ ሰፈሩን በሙሉ አውቀው ነበር። ባለፈው ከጎረቤቴ ግቢ አንድ ተከራይ ሞተ፤ ወላሂ ነው የምለዎት፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እድር የለው፣ ዘመድ የለው። ድንኳኑን እንኳ ማን ይጠይቅለት?"

እዚህ ላይ ሚኒባሱ ዝም አለ። ለወሎ ሰው ለቅሶ ያለ ባለቤት መቅረቱ ከውሃው ይብሳል።

ጋሼ ግን አልተመለሱም። "እርስዎ ግቢ ስንት ክፍል ሰርቪስ አለ?"

"አምስት።"

"ማነው የተከራየው?"

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እነሱው ናቸው።"

"ኪራይ መቼ ጨመሩባቸው?"

"መስከረም። ዘይቱስ ባለበት ቆመ እንዴ?" ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ጋሼ የራሳቸውን አነሱ። በ77ቱ ድርቅ ከአምባሰል የወጡ ናቸው። ወንድማቸው ለሰፈራ ተመዝግቦ ወለጋ ሄደ፤ እሳቸው ከሰልፉ ሾልከው ደሴ ቀሩ፣ ቀን ሥራ ሲሠሩ ቆይተው ፋብሪካ ገቡ። "ወንድሜ እዚያው ወልዶ ከበደ፣ እዚያው ተቀበረ። ልጆቹ ከወለጋ ተፈናቅለው መጡና ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያ ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ አጎታቸው መሆኔን በስም ነው የነገርኳቸው። እንግዲህ መጤው ማነው? እኔ ነኝ? እነሱ ናቸው? እርስዎስ ቢሆኑ በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ ጨርቄን ማቄን ሳይሉ አልወጡም?"

"እኔ ኅዳር መጨረሻ ከተማው እንደተለቀቀ ተመለስኩ!" አሉ እትዬ። "እነዚህ ይመለሳሉ?"

ያልጠበቅነው ከበሩ መጣ። ረዳቱ ከለጋምቦ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱ ለልጁ ይከራከራል ብዬ ነበር። "እትዬ ልክ ናቸው፣ ይብቃ!" አለ። "እኔ ስመጣ ከመናኸሪያ ሰኞ ገበያ ድረስ ለተሸከምኩት የጠየቅኩትን ይሰጡኝ ነበር። አሁን መቶ ስትል አንዱ ከኋላህ ስልሳ ይላል። ረዳትነቱንም ቢሆን በነፃ እሠራለሁ፣ ምሳዬን ብቻ ቻሉኝ የሚል መጥቷል።"

"አንተ ገብተህ በሩን ልትዘጋ?" አሉት ጋሼ እየሳቁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ከእርስዎ ጋር አይሻማም። ከእትዬም ጋር አይሻማም። የሚሻማው ከእኔ ጋር ነው።"

ጋሼ መሳቃቸውን ተዉ።

ከኋላ የፓርኳ ልጅ ነቅታለች። "በ2009 ፓርኩ ሲከፈት ግን 'ኑ' ነበር የተባልነው" አለች፤ ድምጿ ገና እንቅልፍ አለው። "ቀበሌያችን ነው ጠርቶ የመዘገበን። መጣን። ጦርነቱ መጣ፣ ሥራው ቆመ። እሱ አለፈ ስንል ወዲያው በታኅሣሥ አጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ መሸጡ፣ ቀረ ተባለና ከመስመራችን ግማሹ ተበተነ። ቤት እንዳልመለስ፣ የአባቴ መሬት ሁለት ጥማድ ነው፤ ወንድሞቼ አራት ናቸው። መሬት አይሸጥ! ሸጬ እንዳልነግድበት። ምን ይዤ ልምጣ፣ ምን ይዤ ልመለስ?" ይህን ብላ እንደገና ራሷን መስታወቱ ላይ አስደገፈች።

እስካሁን ልጁን ማንም አልጠየቀውም። ስለ እሱ ስናወራ ግማሽ ሰዓት ሆኖናል። እኔም ትንሽ አፍሬ፣ "ደሴ ማን አለህ?" አልኩት።

"አጎቴ።"

"ምን ልትሠራ ነው?"

"የተገኘውን። እስከ በልግ ነው። የዘር መግዣ ካገኘሁ እመለሳለሁ፤ እርሻ አለብኝ።"

ዕድሜ ልኩን ደሴ ያስቀመጥነው ልጅ ለሁለት ወር ነው የመጣው። እትዬ "አይ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚል" አሉ፤ በልባቸው ግን ያመኑት መሰለኝ።

ተሳቢው ተጎትቶ መንገዱ ተከፈተና ደሴ ገባን። ረዳቱ ከልጁ ሙሉ ሒሳብ ተቀበለ፤ ለሞተር ላይ ቅናሽ የለም። እትዬ ወርደው ዘንቢላቸውን ካስተካከሉ በኋላ ዞር ብለው፣ "አንተ ልጅ፣ አጎትህ ካላነሳ እኔ ግቢ ሁለት ልጆች ያሉበት ክፍል አለ። ሦስተኛ ትሆናለህ። ቅድሚያ ክፍያ ግን እቀበላለሁ" አሉት። ርኅራኄ ይሁን ንግድ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ፍርዴን ልናገር። በውሃው እትዬ እውነት አላቸው፤ ጥፋተኛው ግን ሞተር ላይ የተቀመጠው ልጅ አይደለም። በ1987ቱ ቆጠራ ደሴ ከተማ 100 ሺህ ሰው አልሞላትም ነበር፣ በ1999 ከ120 ሺህ አለፈች። በየ10 ዓመቱ ሊደገም የሚገባው ቆጠራ ከዚያ ወዲህ ተራዝሞ ተራዝሞ ቀረ። ያልተቆጠረ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ የሚጣላው ከጎረቤቱ ጋር ነው፤ ቧንቧውን ያቀደው ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ የለም። በመጤው ጉዳይ ጋሼን የሚረታቸው የለም፤ እሳቸው ግን ጡረታቸው በየወሩ ይገባል፤ ደግነቱ የሚቀናቸው አንድም ለዚህ ነው።

ያን ማታ ከሁሉም ልክ የነበረው፣ ስንስቅበት የነበረው ረዳት ነው። ገጠሬው ሲመጣ ከተማው በሙሉ ይጎዳል የሚባለው እውነት አይደለም። ግቢ ያለው ኪራይ ይጨምርለታል። እንደ እኔ በደመወዝ የሚኖርም በርካሽ ያሠራል፤ ባለፈው ወር ቁም ሳጥን ያሸከምኩት ዋጋ ከሰበረው ልጅ ጋር ተዋውዬ ነው፣ ሌላው ቆሞ እያየኝ። ኪራዩንም የሸክሙንም ልዩነት ከኪሱ የሚከፍለው ከአራት ዓመት በፊት የመጣው ነው። ስለዚህ ረዳቱ "ይብቃ" ቢል አልፈርድበትም። እትዬና እኔ ግን "ደሴ በዛባት" የምንልበት አፍ የለንም፤ እሳቸው መስከረም ላይ ጨምረዋል፣ እኔም ቁም ሳጥኔን ከሳሎን መኝታ ቤት አስገብቻለሁ።