ልጆቻችን ማጀቱንም ችሎቱንም ሳያውቁ ከቤት ይወጣሉ

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ወር ደወለልኝ። ተናዷል። «ደመወዜን ቆርጠውብኛል!» አለኝ። የተቀጠረው በ10,000 ብር ነው። ባንክ የገባለት 7,650 ብር ነው። የቀረውን 2,350 ብር መሥሪያ ቤቱ የበላበት መስሎታል።

በስልክ አብረን አሰላነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ስሌት እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው 15፣ 20፣ 25 በመቶ እያለ ይሄዳል። በ10,000 ብር ላይ ግብሩ 1,650 ብር ይመጣል። ሌላው 700 ብር 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ነው። አሠሪውም ከራሱ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,100 ብር ይጨምርለታል። በየወሩ 1,800 ብር በስሙ መግባት አለበት ማለት ነው። በትክክል መግባቱን መጠየቅ መብቱ እንደሆነም ያን ቀን ነው የሰማው።

ይህ ልጅ በማዕረግ የተመረቀ ኢንጂነር ነው። ስንት ከባድ ሒሳብ ሲሠራ ኖሯል። የደመወዝ ወረቀት ግን አንድም ቀን ማንም አሳይቶት አያውቅም።

እሱን አልወቅሰውም። ቤታችን ውስጥ የሚባለው «አንተ ብቻ ተማርልን» ነበር። ሳህን ሊያነሳ ሲል «ተወው፣ አጥና» ይባላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደ ዓመት ልብሱን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ከፍቅር ነው ያደረግነው። እናትና አባታችን በችግር ያለፉ ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸው እንደነሱ እንዲደክም አልፈለጉም።

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ይላል ተረቱ። አልወደውም። ሕይወትን ለሁለት ቆርጦ ለእያንዳንዱ ግማሹን ይከለክላል። ቢሆንም የዚያ ዘመን ሰው ቢያንስ የድርሻውን ይዞ ከቤት ይወጣ ነበር። የዛሬ የከተማ ልጅ ብዙ ጊዜ አንዱንም ሳይዝ ይወጣል። ሽሮ መሥራት አያውቅም፤ ውል አንብቦ መፈረምም አያውቅም። ሴቶቹ ማጀቱን ትንሽ ይሻላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርሱ ግን እኩል ናቸው።

ማጀቱ ሲባል የሆድ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ከቤት የወጣ ልጅ ሦስቴ ውጭ እየበላ ደመወዙ ወር አይደርስም፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ከሰሉ ነው። በክረምት ብርድ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ጭሱ ስለጠፋ ፍሙ አይጎዳም ብሎ የሚያስብ ስንት ተማሪ አለ! ቃጠሎም እንዲሁ ነው። ዘይት የፈናጠቀበት እጅ ላይ የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ቶሎ ብሎ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ይህን ለልጅ ለመንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ አንዲት ክፍል ሲከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ተጠየቀ። አባታችን ከዕቁብ ያወጣውን ገንዘብ ሰጠው። በእጅ ከፈለ። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። ሦስት ወር እንደኖረ «ቤቱ ለልጄ ስለሚፈለግ ልቀቅ» ተባለ። የቀሪው ሦስት ወር ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ልክሰስ ቢልስ? በምን ማስረጃ?

ሕጉ ግን ነበረ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል። የውሉ ጊዜም ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ወንድሜ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢያውቅ ኖሮ «ወረዳ ሄደን እንመዝግብ» ለማለት አፍ ያገኝ ነበር። የሥራ ውሉም እንዲያው ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ እንዳለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ተጽፏል። የፈረመውን ውል አንድ ቅጂ እንኳ እጁ ላይ አላስቀረም ነበር።

«ተዉት፣ ኑሮ ራሱ ያስተምረዋል» የሚሉኝ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አዎ፣ አስተምሮታል። በአባቴ ዕቁብ ነው ያስተማረው።

ማጀቱን ቤት ያስተምር። ወንድ ሴት ሳይባል፣ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ለቤተሰቡ በሳምንት አንድ ቀን ያብስል። ወረቀቱን ግን ለወላጅ ብቻ መተው አይሆንም። አባቴ ራሱ የቤት ውል ፈርሞ አያውቅም፤ ምኑን ያስተምረዋል? እዚህ ላይ ትምህርት ቤት መግባት አለበት። ድሮ እኮ ባልትና በትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። አሁን ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ እውነተኛ የኪራይ ውል፣ አንድ የሥራ ውልና አንድ የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከተማሪው ጋር መስመር በመስመር ማንበብ ምን ያቅታል? አዲስ መጽሐፍ አይፈልግም። ሲቪ አጻጻፍ የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ከሲቪው በኋላ የሚመጣውንም ቢጨምርበት ሁለት ቀን በቂ ነው።

ወንድሜ ባለፈው ወር ሌላ ቤት አገኘ። ከመፈረሙ በፊት ደውሎ ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። አራተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «እዚህ ጋ የኪራዩ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ አከራይዋ ዞሮ ሲናገር ሰማሁት፦ «እማማ፣ እዚህ ላይ ዋጋው ይጻፍና እፈርማለሁ።»