ፊያቶቹን በአንድ መስመር አለፋችኋቸው

ስለ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን ሰላም ባስና ስካይ ባስ ላይ ተዝናንታችሁ፣ አሮጌዎቹን ፊያቶች «ምቾት አልነበራቸውም» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችኋቸው። ኧረ ተዉ!

እውነት ነው፣ አቧራው አይጣል ነበር። ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሹፌሩን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ፍሬን ላይ አይተኛም። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ያደርጋል። ፍሬን ቶሎ ቶሎ ከተረገጠ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ አይዝም። ሸለቆው ከ1000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ቀልድ የለም። ፖርቶ መጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ደግሞ ጤፉ፣ ፍራሹ፣ በርበሬው በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ተጠፍሯል። ዶሮዋማ ከእኛው ጋር ውስጥ ናት።

ሌሊት መንዳት ስለማይፈቀድ የጎንደር መንገደኛ መንገድ ላይ ያድር ነበር። የደብረ ማርቆስ አልጋ ቤቶች ገበያ የደራው በማን ሆነና? ይሄን ሳትነኩት ቀራችሁ።

ሻንሲያቸው (ከሥር ያለው ተሸካሚ ብረት) ከጣሊያን መጥቶ ቦዲያቸው እዚሁ አገር የተሠራላቸውም ነበሩ። በሚቀጥለው ስለ ቦዲ ሠሪዎቹ ጻፉልን።